ወንበር ያዋሰን ጎረቤት፦ የኔዘርላንድስ የጉዞ ማስታወሻ

እናታችን ካረፈች ጀምሮ ታናሽ እህቴን በአካል አላየኋትም ነበር። ዩትሬክት በምትባል የኔዘርላንድስ ከተማ መኖር ከጀመረች አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለቀብር አልደረሰችም፣ ለአርባም አልደረሰችም። እኔ ጉለሌ ውስጥ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፤ በእኛ ሰፈር የሞተ ሰው ሁሉ በእጄ ይመዘገባል። የእናታችን ለት ጡሩምባው ሲነፋ፣ ድንኳኑ ሲተከል፣ ንፍሮው ሲዞር አይቻለሁ። እህቴ በስልክ ነው የሰማችው። ሁለት ዓመት ሙሉ "አንድ ጊዜ ና" ስትለኝ ቆይታ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሄድኩ። ማታ ማታ በደብተር ከጻፍኩት ለቅሜ ይህን ያሰናዳሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7 — አዲስ አበባ

የቪዛ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ሐምሌ ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንዱ ዩሮ ከ120 ብር አልፎ ስለነበር ለወረቀቱ ብቻ ከአስር ሺህ ብር በላይ ወጣ።

ሁለት ሻንጣ፣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ተፈቅዶልኛል። የእኔ ልብስ ከሰባት ኪሎ አይበልጥም። የቀረው በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቅቤ ነው፤ ግማሹ ለእህቴ፣ ግማሹ ፊታቸውን አይቻቸው ለማላውቅ ሰዎች። "ዩትሬክት የሚሄድ አለ" የሚለው ወሬ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ፣ ከሽሮ ሜዳ ድረስ ፌስታል ይዘው የመጡ እናት ነበሩ። ልጃቸው የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው ብላቸውም "አንድ አገር አይደል? ትፈላለጋላችሁ" ብለው አስታቅፈውኝ ሄዱ። ቦሌ ድረስ ዘጠኝ ሰው ሸኘኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 8 — ፍራንክፈርት፣ ኮሎኝ፣ ዩትሬክት

ቅቤው ፍተሻ ላይ ቀረ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን አላወቅኩም ነበር። የራሴ ብቻ ቢሆን አይቆጨኝም፤ አንዱ ኪሎ ግን የሰው አደራ ነበር።

ከፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ዩትሬክት ድረስ ሳይቀየር የሚሄድ ፈጣን ባቡር አለ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። የተሳፈርንበት ኮሎኝ ሲደርስ መስመሩ ተበላሽቷል ተባለና ሁላችንም ወረድን። ሁለት ሰዓት መድረኩ ላይ ቆምን፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ድፎ ዳቦ ነበረኝና ቆረስኩ። ዳቦ ቆርሶ ብቻ መብላት አይቻለኝም፣ አጠገቤ ለተቀመጠው ጎልማሳ ሰው ዘረጋሁለት።

"አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም" አለኝ።

እኛ ዘንድ የመጀመሪያው "በቃኝ" ይሉኝታ ነው። "በሞቴ" ይከተለዋል፤ ሦስተኛው ላይ እጅ ይዘረጋል። ስለዚህ ደገምኩት። ሁለተኛው መልሱ ጠንከር አለ፣ ፊቱም ቀላ። ሦስተኛውን ዋጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ሰውየው ከቦርሳው ፖም አወጣና ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዙሮ በላ። "እንብላ" የሚባል ነገር የለም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው የእናቴ ተረት በጆሮዬ ውስጥ አስተጋባ፤ እውነት ለመናገር ለሰውየው አዘንኩለት።

ድንገት በድምጽ ማጉያ በጀርመንኛ አንድ ነገር ተነገረና ሰው ሁሉ ይሮጥ ጀመር። መድረክ ተቀይሯል። እኔ ሁለት ሻንጣ ይዤ የቱ ጋ እንደምሄድ ሳላውቅ ያው ሰውዬ ከባዱን ሻንጣዬን ብድግ አድርጎ ደረጃውን ወረደ፣ ሌላውን ወጣ፣ ባቡሩ ውስጥ አስገባልኝ፣ ቲኬቴን አይቶ ወንበሬን አሳየኝ። ስሜን አልጠየቀኝም። ልቤ ሞልቶ እጁን በሁለት እጄ ስይዘው በእርጋታ ነቀነቀና ወደ ሌላ ፉርጎ ሄደ። ይህን ሰው ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ሁሉ ሳስበው ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 — ዩትሬክት

የእህቴ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት መኝታ፣ ጠባብ ሳሎን። አንዱ መኝታ ባዶ ነበር። "ልጁስ?" አልኩ። "ወጥቷል፤ የራሱን ክፍል ተከራይቷል" አለች። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማረውም እዚያው ከተማ ነው፣ ከእናቱ ቤት በብስክሌት ሩብ ሰዓት። ለአንዲት ክፍል በወር 560 ዩሮ ይከፍላል፤ ኩሽናውን ከሌሎች አምስት ተማሪዎች ጋር ይጋራል። እናቱ ግን ባዶ መኝታ ይዛ ብቻዋን ታድራለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ ምን አስቀይሞት ነው? ወይስ እሷ ናት ያባረረችው?

ሲመጣ ጠየቅኩት። ከትልቅ አክብሮት ጋር፣ በተሰባበረው አማርኛው አስረዳኝ። ጓደኞቹ ሁሉ ወጥተዋል፤ ሳይወጡ መቅረት እንደ ሕፃን ያስቆጥራል። መንግሥትም ለተማሪ የሚሰጠው ድጎማ ከወላጁ ተለይቶ ለሚኖር ይበልጣል፣ ቤተሰቡ ቤት ለሚኖር ያንሳል። ይሄኛው ገረመኝ። ልጅ ከቤት መውጣቱን ሁልጊዜ የጠባይ ጉዳይ አድርጌ ነበር የማየው፤ በሕግ የተደገፈ፣ በገንዘብ የተመነዘረ ልማድ መሆኑን አላውቅም ነበር። የእኛ ደግሞ በቤት እጦት የተደገፈ ነው። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ከወላጁ ጋር የሚኖረው ሁሉ ከፍቅር ብዛት አይደለም፤ ኪራዩን ስለማይችለው ነው።

ረቡዕ ረቡዕ ማታ እናቱ ጋ መጥቶ ይበላል። "ቀኑ የታወቀ ነው፣ አንድም ረቡዕ አላጎደለም" አለችኝ እህቴ። ድምጿ ውስጥ ኩራትም ቅሬታም ነበረበት።

ከሰዓት እሱና ሁለት ጓደኞቹ ቦይ ዳር ካለች ቡና ቤት ወሰዱኝ። የዩትሬክት ቦዮች ከመንገዱ ዝቅ ብለው የሚሄዱ ናቸው፤ የጥንት መጋዘኖቹ ውሃው ዳር ዛሬ ሻይ ቤት ሆነዋል። አንድ ስኒ 3 ዩሮ ከ60። አንደኛው ልጅ ለሁላችንም ከፈለ፣ እኔም "ይባርክህ" አልኩት። ቤት ሳንደርስ የእህቴ ልጅ ስልክ ጮኸ፤ የየድርሻችን ሂሳብ ተልኳል፣ የእኔም ጭምር። ቲኪ ይሉታል፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) አንድ ባንክ ያወጣው የክፍያ መጠየቂያ ነው፣ ዛሬ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል። እንግዳ ሆኜ የጠጣሁት ቡና ዋጋ ሲላክብኝ ከፋኝ፣ አልደብቅም። ልጁ ግን "አጎቴ፣ ካልላከልኝ እኮ ባለዕዳው ሆኜ እቀራለሁ። እንዲህ ከሆነ ነገም አብረን እንጠጣለን" አለኝ። አልተዋጠልኝም፤ ግን ጻፍኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 10 — የጎረቤት ልደት

የታችኛው ፎቅ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሰባ ዓመት ሞላቸው። ለእህቴ ከሦስት ሳምንት በፊት ካርድ ልከው ነበር፤ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይላል። መጀመሪያው ብቻ ሳይሆን ማብቂያውም ተጽፏል። እኔ እንደምመጣ ሲሰሙ ደግሞ በአንድ ወንበር መጨመራቸውን ነገሯት።

እንደገባሁ ዓይኔ የሄደው ወደ ወንበሮቹ ነው። የእድር ጸሐፊ ወንበር ሳይቆጥር አያልፍም። አስራ ስድስት ታጣፊ የእንጨት ወንበሮች ሳሎኑን ዙሪያ ገጥመው በክብ ተደርድረዋል። ሰው ገብቶ ባለልደቱን "ኸፌሊሲቴርት" ይላል፣ እንኳን ደስ አለዎት እንደማለት ነው። ከዚያ ግን ወደ ሴት ልጃቸው ዞሮ እሷንም እንኳን ደስ አለሽ ይላታል፣ ወንድማቸውንም፣ ጎረቤታቸውንም፣ ክቡን በሙሉ እጅ እየጨበጠ ይዞራል። እኔንም እንኳን ደስ አለህ አሉኝ፤ የጎረቤታቸው ወንድም ነኝና።

ደስ ያለኝ ነገር ነው። አራስ ቤት ስንገባ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብለን አባትየውንም አያትየውንም አክስትየውንም ደስታው የእነሱ መሆኑን እንነግራቸው የለ?

ከዚያ ቡና በአንዲት ቁራሽ ኬክ መጣ። አንዲት ነች፤ ሁለተኛ አይዞርም። በ10 ሰዓት ተኩል ሰው ሁሉ ተነሳ። መጸዳጃ ቤት ስገባ በሩ ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ አየሁ፤ ዓመተ ምሕረት የለውም፣ በየቀኑ አጠገብ የሰው ስም ተጽፎበታል። የዘመድና የወዳጅ ልደት ነው፣ በየቤቱ እንዲህ ይሰቅሉታል። መጋቢት ወራቸው ላይ የእህቴን ስም አገኘሁት። በእጅ ጽሑፍ፣ ፊደሉ ሳይሳሳት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 — ሃርለም

የእህቴ ልጅ ማኅበራዊ ሳይንስ ነው የሚማረው። ሃርለም ልውሰድህ ያለኝም በምክንያት ነው፤ ጌርት ሆፍስቴደ የተባለው ሊቅ በ1928 (እ.ኤ.አ.) የተወለደው እዚያ ነው። ያረፈው በ2020 ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ግን ወደ አንድ አሮጌ ግቢ ነው። በጠባብ በር ተገብቶ ጸጥ ያለች የአትክልት ቦታ ይደረሳል፣ ዙሪያዋን ትንንሽ ቤቶች። በ1395 አንድ ባለጸጋ በኑዛዜው አቅመ ደካማ ለሆኑ ሴቶች ያቆመው ነው፣ በአገሩ ካሉት መሰል ግቢዎች ሁሉ ጥንታዊው። ዛሬም ሰው ይኖርበታል። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አስታወሰኝ፤ መነኮሳይት በየደጇ የምትቀመጥበትን። የሚለየው እዚህ ለእያንዳንዷ የራሷ በር፣ የራሷ ቁልፍ አላት።

ቦይ ዳር ተቀምጠን ልጁ የሆፍስቴደን ነገር አጫወተኝ። ሰውየው አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከ1967 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት ከኩባንያው ሠራተኞች፣ ከብዙ አገር፣ ከመቶ ሺህ በላይ መጠይቅ ተሰበሰበ። እሱም ከዚያ ተነስቶ አገሮችን በባህል መለኪያ ደረደረ። ከመለኪያዎቹ አንዱ ግለኝነትና የጋራ ኑሮ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል "እኔ" ይበረታል፣ ዝቅ ሲል "እኛ"። አሜሪካ 91፣ ኔዘርላንድስ 80፣ ጓቲማላ 6። ኢትዮጵያ ለብቻዋ አልተቆጠረችም፤ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር ተጠቅልላ "ምሥራቅ አፍሪካ" ተብላ 27 ተሰጥቷታል።

"የተጠየቁት ምን ነበር?" አልኩት።

"ስለ ሥራ ነው። ለግል ሕይወት ጊዜ የሚተርፍበት ሥራ፣ በራስ መንገድ የመሥራት ነፃነት፣ የሚፈትን ሥራ፤ እነዚህን ያስቀደመ ወደ 'እኔ' ይሄዳል። ሥልጠና፣ ምቹ የሥራ ቦታ፣ ችሎታህን በደንብ መጠቀም፤ እነዚህን ያስቀደመ ወደ 'እኛ'።"

"ስትሞት ማን ይቀብርሃል የሚል አልነበረበትም?"

ዝም ብሎ አየኝ። "የለበትም" አለ።

ቁጥሩን ልንቅ ፈልጌ አይደለም የጠየቅኩት። ያን ያህል ሕዝብ ጠይቆ መልሱን በሥርዓት መደርደር ትልቅ ሥራ ነው፤ ከኮሎኙ ፖም በኋላ ደግሞ 80 ቢሉኝ አልከራከርም። ግን ያው ሰው ነው ሻንጣዬን የተሸከመው። ልጁም አንድ የማልረሳውን ነገር ጨመረልኝ፤ ቁጥሩ የአገር እንጂ የሰው አይደለም፣ ይህን ሆፍስቴደ ራሱ አስጠንቅቋል። "እኔን 80 ነህ ማለት አይቻልም፣ አንተም 27 አይደለህም" አለኝ። እናቱ ጓዳ ያደገ፣ የሆላንድ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነው፤ ይህን ነገር ከእኔ ቀድሞ በራሱ ላይ ሳያስበው አልቀረም።

ምሳ ጥሬ ዓሣ በሽንኩርት፣ 4 ዩሮ። አልቻልኩትም። ልጁ የእኔንም በላው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13 — እህቴ ከምትሠራበት

እህቴ በአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ተንከባካቢ ናት። ከአለቃዋ አስፈቅዳ ለአንድ ሰዓት አስገባችኝ። ክፍሎቹ ንጹሕ፣ ሞቃት፣ አልጋው በቁልፍ የሚነሳ የሚወርድ ነው። መስኮት ዳር የተቀመጡ አንዲት የዘጠና ዓመት እናት እጄን ያዙኝና አልለቅ አሉ፤ ልጃቸው የምትመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። እንዲህ ያለውን ሳይ በፊት ቢሆን "አረመኔነት ነው" እል ነበር። ግን እናታችን የመጨረሻዎቹን ስምንት ወራት ቤት ውስጥ እንዴት እንዳሳለፈች አስታወስኩ። ሃምሳ ሰው ይጠይቃታል፤ ጀርባዋ ሲቆስል ግን እንዴት እንደምናገላብጣት የሚያውቅ አንድም አልነበረንም። ሰው ሞልቶን እውቀቱ አጠረን። ይህን እህቴ ፊት ጮክ ብዬ መናገር ከብዶኝ ነበር፣ ተናገርኩት። አለቀሰች።

ብቸኝነቱን እነሱም ያውቁታል፣ አይደብቁትም። ዴቬንተር በምትባል ከተማ ባለ የአረጋውያን ማረፊያ ተማሪዎች ያለ ኪራይ ይኖራሉ፤ በምትኩ በወር 30 ሰዓት ከአረጋውያኑ ጋር ያሳልፋሉ። ስንመለስ ደግሞ ከእህቴ ጋር ሱፐርማርኬት ገብተን አንድ ነገር አሳየችኝ። ጁምቦ በሚባለው መደብር "የጨዋታ ካሸር" አለ፤ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ቭላይመን በምትባል ትንሽ ከተማ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ቅርንጫፎች የተዛመተ ነው። ያልቸኮለ ሰው እዚያ ይሰለፋል፣ ሂሳብ ሠራተኛዋም አትቸኩልም። አንድ ሽማግሌ ግማሽ ኪሎ ድንች ገዝተው ስለ ድመታቸው ሕመም አስር ደቂቃ አወሩ፣ ከኋላቸው የቆመም አልተነጫነጨም።

የሰፈራችን ባለሱቅ እንዲህ ያለ ሰልፍ አያስፈልገውም፤ ወሬው ከስኳሩ ጋር አብሮ ይመዘናል። ሆኖም ሰው መቸገሩን አይተው መላ መፈለጋቸው ልቤን ነካው።

በዚሁ ቀን እንጀራ ከሐበሻ ሱቅ ገዛን፤ አምስት እንጀራ 8 ዩሮ ተኩል። ዱቄቱ እዚያው ኔዘርላንድስ የበቀለ ጤፍ ነው። በጤፍ ዱቄት ላይ እዚህ አገር የተመዘገበ የባለቤትነት መብት ነበር፣ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሻረው። ስንት ትውልድ በደቦ አጭዶ በወንፈል የወቃውን እህል አንድ ሰው "የእኔ ነው" ብሎ ማስመዝገብ ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 — ኪንደርዳይክ

ከጉዞዬ ሁሉ ይህን ቀን እወደዋለሁ። በባቡር ሮተርዳም፣ ከዚያ ወንዝ ላይ በሚመላለስ የሕዝብ ጀልባ። ዝናብ ከነፋስ ጋር ፊት ይጋረፋል። አስራ ዘጠኝ የነፋስ ወፍጮዎች በሁለት ረድፍ ውሃ ዳር ቆመዋል፤ አብዛኞቹ የተሠሩት በ1740 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ነው፣ በ1997 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ወፍጮ ይባሉ እንጂ እነዚህ እህል አይፈጩም፤ ውሃ ከዝቅተኛው መሬት እየቀዱ ወደ ወንዙ ይሰዳሉ። ዛሬ ሥራውን ዋናው ፓምፕ ወስዶታል፣ ወፍጮዎቹ ውስጥ ግን አሁንም ቤተሰብ ይኖራል፣ ልብስ ተሰጥቶ አየሁ።

የአገሩ ሩብ ያህል መሬት ከባሕር ወለል በታች ነው። ጎረቤትህ ግድቡን ካልጠገነ የምትሰጥመው አንተ ነህ። ስለዚህ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ገበሬዎቹ "ዋተርስኻፕ" የሚባል የውሃ ማኅበር አቋቋሙ፤ መዋጮ ያወጣሉ፣ አለቃ ይመርጣሉ፣ ግድቡን በየድርሻቸው ይጠግናሉ። ዛሬ እንዲህ ያሉ 21 አሉ፤ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ይመርጣቸዋል፣ የራሳቸው ግብር አላቸው። በጥንቱ ሕግ ድርሻውን መጠገን ያቃተው ሰው አካፋውን ግድቡ ላይ ሰክቶ መሬቱን ለቆ ይወጣ ነበር። አካፋውን የነቀለ ደግሞ መሬቱንም ግዴታውንም ይወርሳል።

ይህን ሳነብ ዝናቡን ረሳሁት። እድር ነው! መዋጮ፣ ደንብ፣ የተመረጠ ዳኛ፣ መቀጮ፣ መሰረዝ። የእኛም መተዳደሪያ ደንብ ቀብር የቀረውን ይቀጣል፣ ስድስት ወር ያልከፈለውን ከመዝገብ ይሰርዛል። ስንት ሰው "እድር ፍቅር ነው" ሲል ሰምቻለሁ፤ አስራ አራት ዓመት መዝገብ የያዝኩት ሰው የማውቀው ግን ፍቅሩ የሚቆመው በፊርማና በደረሰኝ ላይ መሆኑን ነው። እነዚህም 80 የተባሉት ሰዎች ከሰባት መቶ ዓመት በላይ እድር ነበራቸው፣ ለውሃ። በ1953 (እ.ኤ.አ.) ጥር መጨረሻ ሌሊት ባሕሩ ግድቡን ሰብሮ 1,836 ሰው ሲገድልባቸው ከባሕር መግቢያው እስከ ወንዙ የሚጠብቃቸውን ትልቅ ሥራ በጋራ ገንዘብ ሠሩ።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ሆላንዳዊው የጎረቤቱን ሕይወት በግብሩ ይጠብቃል፣ ፊቱን ማየት ግዴታው አይደለም። እኛ ፊቱን ካላየን የጠበቅነው አይመስለንም። የእኛ ወንዝ በየክረምቱ ድልድይ ጠርጎ ሲወስድ ለቅሶ እንደርሳለን፣ ድልድዩን ግን በጊዜው አንጠግንም። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16 — ወንበር

ሐሙስ ማታ ስልክ መጥቶ ነበር። የእህቴ ወዳጅ፣ እዚያው ዩትሬክት የምትኖር ሴት፣ ደሴ ያሉት አባቷ አርፈዋል። እሷ አልሰማችም። እህቴ ወዲያው ስልኳን አንስታ አንድ በአንድ ደወለች፤ ማንም በጽሑፍ መልእክት እንዳይጽፍ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዳይለጥፍ፣ መርዶው እሑድ ማለዳ እንዲነገር። ለምን እንዲህ እንደጨነቃት ያን ማታ ነገረችኝ። የእናታችንን ሞት የሰማችው ሥራ ላይ ሆና፣ በመተላለፊያ ቆማ፣ አንድ የሩቅ ዘመድ "ነፍስ ይማር" ብሎ ሲደውል ነው። ስልኩን ዘጋች፣ ያጠበቻቸውን አረጋዊት አለበሰች፣ ፈረቃዋን ጨርሳ ወጣች። ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ከተማ አንድም ሐበሻ ብቻውን መርዶ እንዳይሰማ ብላ ሠላሳ ያህል ሰው አሰባስባለች። ስም የለውም፣ ደንብም የለውም፤ የስልክ ዝርዝር ነው።

ወንበር ግን የላቸውም። ቅዳሜ ወደ ታችኛው ፎቅ ጎረቤት ወረድን። እህቴ ነገሩን አስረዳቻቸው። መርዶ ምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ ሰው ሁሉ አውቆ ሐዘንተኛዋ ብቻ አለማወቋ ከበዳቸው፣ "መብቷ አይደለም እንዴ መጀመሪያ ማወቅ?" አሉ። እህቴ "ብቻዋን ማወቅ መብት አይደለም፣ ቅጣት ነው" አለቻቸው። ትንሽ ዝም አሉና ደብተራቸውን አወጡ። "እስከ መቼ?" "እስከ ሠልስት፣ ማክሰኞ ማታ።" ጻፉት። አስራ ስድስቱንም ወንበር እስከ መኪናው ራሳቸው አብረውን ተሸከሙ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17 — መርዶ

በእነሱ አቆጣጠር የጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ሌሊት ሰዓት በአንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። የእኔ የእጅ ሰዓት በእጅ የሚሞላ ነው፣ አልተመለሰም። እንቅልፍ ላይ ያለችውን እህቴን "አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ተነሺ" ብዬ አስነሳኋት፣ መንገዱ ላይ ስናውቅ ገና አስር ተኩል ነው። የቀጠሮው አስራ ሁለት ነበር። ቅርብ ያሉ ሁለት መኪና ሰዎችም በእኛ ጥሪ ቀድመው መጥተው ነበርና ከሕንጻው ፊት፣ ዝናብ ላይ፣ ጥቁር ነጠላ ተከናንበን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን።

ውሻ ሊያንሸራሽር የወጣ ሰው አየን። ተጠግቶ ችግር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እህቴ ነገረችው። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሄደ፣ ፖሊስ ይጠራል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልጠራም።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሃያ ስድስት ሆነን ደረጃውን ወጣን። በሩን ስትከፍት ያን ያህል ሰው በማለዳ ስታይ ማንም ምንም ሳይነግራት አወቀችው። "ማን ነው?" ብቻ አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። እህቴ ግን ከጎኗ ነበረች፤ ስለያዘቻት አልወደቀችም። ለሁለት ዓመት ያላለቀሰችውን የእናታችንንም ለቅሶ እዚያ አወጣችው። እኔም አብሬ።

ቡና ተፈላ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ሽሮ ተሠራ። የሽሮ ሜዳዋ እናት ልጅም ከሮተርዳም መጥታ ነበር፤ አደራዋን እዚያው ለቅሶ ቤት አስረከብኳት። ሰው ተራ ወጣ፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ የሌላቸው ጠዋቱን፣ ማታ የሚወጡት ማታውን። ይሄ ደግሞ የሆላንድ ነው፣ ሰዓቱ ተጽፎ በየስልኩ ተላከ። ከሰዓት ወደ ታች ስወርድ በሴትየዋ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ነጭ ካርድ አገኘሁ። ስም የለበትም፤ "የውሻው ባለቤት፣ ቁጥር 11" ይላል፣ ከሥሩ አንድ መስመር የሐዘን ቃል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18 — መመለሻ

የእህቴ ልጅ ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ። ሰኞ ፈተና ነበረው፣ እኔ አልነገርኩትም እንጂ አውቅ ነበር። ዘጠኝ ሰው አልነበረም፣ አንድ ነበር።

እህቴ ቤት ስንሰነባበት 50 ዩሮ በፖስታ ሰጠችኝ። "እድር መዝግበኝ" አለች። እናታችን ከሞተች በኋላ የቤታችን ተራ በእኔ ስም ነው፤ የራሷ የላትም። "እዚህ ብሞት ማን እንደሚመጣ አሁን አውቃለሁ። እዚያ ግን ስሜ እንዲነበብ እፈልጋለሁ።"

እሑድ፣ ኅዳር 1 — ጉለሌ

የወሩ ስብሰባ ላይ ጥያቄዋን አቀረብኩ። ደንባችን አባል ማለት "በቀበሌው ክልል ነዋሪ የሆነ" ይላል። ገንዘብ ያዡ ተቃወመ፤ ለቅሶ የማይደርስ፣ ድንኳን የማይተክል አባል እንዴት ይሆናል? አንድ አዛውንት ግን "የሰው ልጅ ደሴ ሞቶ ዩትሬክት ድንኳን ከተተከለ፣ እኛ ምን ያቅተናል?" አሉ። ዳኛው ደንቡ እንዲሻሻል የሚያጠና ሦስት ሰው ሰየሙ፣ አንዱ እኔ ነኝ።

እስከዚያው ገንዘቧን በአደራ ተቀብዬ ደረሰኝ ቆረጥኩላት። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ረቡዕ ማታ ነበር፤ ልጇ አጠገቧ ነው። "ቁጥሩ ስንት ነው? ልጁ ያንብበው" ብላ ጻፈች። 214 ነው።